እንኳን ደስ አለዎት፤ ዕቃዎ ደርሷል!

በቀረጥ የሚነጫነጭ ሰው በዛ። ከባሕር ማዶ ጫማ በስልኩ ያዝዛል፤ ጫማው አገር ገብቶ "ይህን ያህል ይጨምሩ" ሲባል ራሱን ይዞ ይጮኻል። "ማን ነገረኝ?" ይላል። ስልኩን አውጥቶ "ዋጋው እኮ ይኸው ተጽፏል" እያለ መስኮቱ ኋላ ለተቀመጠችው ሠራተኛ፣ ለጥበቃው፣ ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ ያሳያል። እንዲህ ያለው ሰው ያሳዝነኛል። ሥልጣኔ ጥሎት ሄዷል።

ዋጋን አስቀድሞ መናገር የድሮ ገበያ ወግ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ዋጋውን የቱንም ያህል ጣሪያ ላይ ቢሰቅለው፣ የሰቀለውን በጆሮህ ትሰማለህ። ትከራከራለህ፤ ካልተስማማህ ሁለት እርምጃ ሄድ ትላለህ፤ "ና እንጂ ወንድሜ፣ ስንት ልትከፍል ነው?" ብሎ ይጠራሃል። ዘመናዊው ግብይት ይህን ሁሉ ድካም አስቀርቶልናል። መጀመሪያ ትከፍላለህ፤ ቀጥለህ ትጠብቃለህ፤ ዋጋው ስንት እንደ ነበር የሚነገርህ መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የመሰለ ጥበብ አመስጋኝ አጥቶ ሲቀር ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ውዳሴውን እኔ ልጀምር።

ከሻጩ ትሕትና እንነሣ። ሻጩ ስለ ገዢው የማያውቀው የለም። የእግሩን ቁጥር ያውቃል፤ የሚኖርበትን ከተማ፣ የያዘውን የስልክ ዓይነት ያውቃል። ማታ ከፍቶ ዓይቶ የተወውን ጃኬት ያስታውስለታል፤ "ሁለት ብቻ ቀርቷል፣ ሊያልቅ ነው" ብሎ በቀይ ጽፎ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። የዋጋውን ዶላር በቅጽበት ወደ ብር ይመነዝርለታል። 70 በመቶ ቅናሽ ያደርግለታል፤ ቅናሹ ሊያበቃ ስንት ሰከንድ እንደ ቀረው እየቆጠረ ያሳየዋል። አንድ ነገር ብቻ አያውቅም፤ ጫማው አዲስ አበባ ሲገባ ስንት እንደሚጠየቅበት። እዚህ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ብልጠት ይፈዛል፤ ኮምፒውተሩ ይደነዝዛል፤ የሒሳብ ትምህርት ጨርሶ ካልደረሰበት አገር የመጣ ይመስላል። ሐቀኝነቱን ግን አንካድ። ማንም በማይከፍተው ገጽ ግርጌ፣ በማጉያ መነጽር በሚነበብ ፊደል፣ "የመዳረሻ አገር ቀረጥና ታክስ በገዢው ይሸፈናል" ብሎ ጽፏል። አልተናገረም እንዳይባል ተናግሯል፤ እንዳይሰማ ደግሞ በሹክሹክታ ተናግሯል።

አንዳንዱ ሻጭ ከትሕትናም አልፎ ቸር ነው። ገዢው እንዳይጎዳበት ብሎ የ60 ዶላሩን ጥቅል "ስጦታ፣ 5 ዶላር" የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። ቻይና፣ ጓንግዡ ያለ መጋዘን፣ ዓይቶት ለማያውቀው የጎፋ ሰፈር ጎረምሳ፣ በጤናው ተነሥቶ ጫማ ስጦታ ላከ ማለት ነው። የጉምሩክ ሹሙ ይህን ታላቅ ወዳጅነት ያየዋል፤ ይስቃል፤ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሕጉ መነሻ የሚያደርገው በእርግጥ የተከፈለውን ዋጋ ነው። የቀረበው ሰነድ ካልታመነ ግን ተመሳሳይ ዕቃ ከዚህ በፊት በስንት ተገምቶ እንደ ገባ እያየ ዋጋ እንዲተምን ይፈቅድለታል። ስለዚህ 5 ዶላሩ ይጣላል። ያሳዝናል እንጂ ገዢው ስልኩ ላይ ያስቀመጠው እውነተኛው ደረሰኝም አብሮ ይጣላል፤ አንዴ የዋሸ ጥቅል ዳግመኛ ምስክርነቱ አይሰማም። ሻጩ ለዋሸው ውሸት መልስ የሚሰጠው ጎፋ ያለው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። የዚህ ሥራ ቁንጮው እሱ ነው። ገዢው "ቀረጥ" የሚባል አንድ ነገር ያለ ይመስለዋል። የዋህ! ቀረጥ ብቻውን መጥቶ አያውቅም። የጫማው ዋጋ 4,000 ብር፣ ማጓጓዣውና መድኑ 2,000 ብር ነው እንበል። ቀረጡ የሚሰላው በ4,000 ብር አይደለም፤ በ6,000 ብር ነው። ጫማው ሰማይ ላይ ለበረረበትም ቀረጥ አለ። ዕቃው ከፍተኛው የ35 በመቶ እርከን ላይ ከተቀመጠ ቀረጡ 2,100 ብር ነው። ድምሩ 8,100 ደረሰ። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል፤ 1,215 ብር። ልብ በሉ፣ ቫቱ የተጣለው በጫማው ብቻ አይደለም፤ በቀረጡም ላይ ነው። ቀረጥ መክፈል ራሱ እሴት ይጨምራል ማለት ነው። አሁን 9,315 ላይ ነን። በዚህ ሁሉ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይታከላል፤ 931 ብር ከ50። ሱር ታክስ ጫማውን ይቀርጣል፤ ቀረጡን ይቀርጣል፤ በቀረጡ ላይ የተጣለውን ቫትም መልሶ ይቀርጣል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ያሉት አባቶቻችን ሦስተኛው ደረጃ እንዳለ አልታያቸውም።

ደምሩት፤ 4,246 ብር ከ50 ሳንቲም። ይህ ገና ኤክሳይዝ ታክስ የማይመለከተው ዕቃ ነው። ቢመለከተው ኖሮ በቀረጡና በቫቱ መካከል ገብቶ የኋለኞቹን ሁሉ ያሳብጣቸው ነበር። ሌሎቹን ትንንሽ ክፍያዎች ለጨዋነት ስንል ተውናቸው። እንግዲህ 4,000 ብር የተባለው ጫማ 10,246 ብር ከ50 ሳንቲም ገባ። ግብሩ ብቻውን ከጫማው በለጠ። ገዢው ጫማ የገዛ መስሎታል፤ የገዛው ግብር ነው፤ ጫማው ምርቃት ነው።

"ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ይችል ነበር" ይላሉ ሕግ አዋቂዎች። እውነታቸውን ነው፤ የተደበቀ ነገር የለም። ታሪፉ የታተመ፣ ማንም ሊያየው የሚችል ነው። ዓለም ሁሉ በሚመራበት የዕቃዎች አመዳደብ ጫማ 64ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ገዢው ማወቅ የሚጠበቅበት ሶሉ ከምን፣ ፊቱ ከምን እንደ ተሠራ ብቻ ነው። ሶሉ ጎማ ሆኖ ፊቱ ቆዳ ከሆነ 6403፣ ጨርቅ ከሆነ 6404፣ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ 6402 ሥር ይፈልግ። ፊቱ ግማሹ ቆዳ፣ ግማሹ ጨርቅ ከሆነም መጨነቅ የለበትም፤ ከውጭ ሲታይ ሰፊውን ቦታ የሸፈነው የትኛው እንደ ሆነ ይለካል። ማስመሪያውን ይዞ የስልኩን መስታወት መለካት ነው። አንድ ሰው ጫማ ለማዘዝ የጫማ ሰፊ ዓይን፣ የትራንዚተር ልምድና የሕግ ዲግሪ ከሌለው ስንፍናው የራሱ ነው።

ይህን ሁሉ አሟልቶ ስሌቱን በወረቀት የጨረሰውም አይመካ። የሚያሰላበት ብር ራሱ ቆሞ አይጠብቀውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰኔ ላይ አዝዞ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሊረከብ የሄደ ሰው፣ ቀረጡ ባዘዘበት ቀን ምንዛሪ እንደማይሰላ ያወቀው እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሞ ነው። ጫማው ያው ጫማ ነው፤ ቁጥሩም ያው 42 ነው። መንገድ ላይ ያደገው ግብሩ ብቻ ነው።

ስለ አድራሾቹ ካልተናገርኩ ደግሞ ውዳሴዬ ጎደሎ ይሆናል። በየአገሩ ያሉ ፈጣን ዕቃ አድራሽ ድርጅቶች ርኅራኄያቸው ልዩ ነው። ገዢው ሳይጠይቃቸው፣ ሳያማክሩት፣ ቀረጡን ከኪሳቸው አውጥተው ይከፍሉለታል። ከዚያ ስለ ከፈሉለት ያስከፍሉታል። ግብሩ አንድ መስመር፣ ግብሩን የመክፈል አገልግሎት ሌላ መስመር ሆኖ በደረሰኙ ይመጣል። ዕቃው ርካሽ ሲሆን ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ይበልጣል። "ማን ክፈሉልኝ አላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ውለታ ቢስነት ነው፤ ደግሞም አያዋጣም። ሲከራከር ዕቃው መጋዘን ይተኛል፤ መጋዘን ደግሞ በነፃ አያሳድርም። ዝም ብሎ የከፈለ በርካሽ ይወጣል፤ መብቱን የጠየቀ ለጠየቀበት ቀን ሁሉ ኪራይ ይከፍላል። "እንግዲያው ይቅርብኝ" ብሎ ቢሄድም ለሻጩ የሰጠው ገንዘብ ቶሎ አይመለስለትም፤ የማጓጓዣውማ ጨርሶ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው መከታተያው ነው። "ዕቃዎ መጋዘኑን ለቀቀ። ዱባይ ገባ። ከዱባይ ተነሣ። ቦሌ አረፈ።" አውሮፕላኑ መሬት የነካበትን ደቂቃ ሳይቀር ይነግረዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው ላሚቱ አሁን የት እንደ ደረሰች በካርታ ይታየዋል። ያ ሁሉ ሽቦና ሳተላይት፣ ያ ሁሉ መረጃ፣ አንዲቱን ቁጥር ግን አይናገርም።

ይህ አሠራር ከባሕር ማዶ በሚመጣ ዕቃ ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ያስቆጫል። ለምሳሌ ሚኒባስ ታክሲ ላይ ይጀመር። ወያላው "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ በ20 ብር!" እያለ ይጠራል። ተሳፋሪው 20 ብሩን ይከፍላል። ሜክሲኮ ሲደርሱ ወያላው በሩን ይዞ ይቆማል። "እንኳን ደስ አለህ፣ ደርሰሃል። የመውረጃ 22 ብር። ሒሳቡን ለሠራሁልህ 5 ብር። ስትጨቃጨቅ ለቆየህበት መቀመጫ ኪራይ 3 ብር።" "20 ብር አላልክም እንዴ?" "20 ብሩማ የመሳፈሪያው ነው። የመውረጃው መኪናው ሥር ተጽፏል፤ ተንበርክከህ ብታየው ኖሮ ታገኘው ነበር።" ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የወያላው ሸሚዝ ይተርፋል ብዬ አልወራረድም።

ያው ተሳፋሪ ግን ጫማው ፊት ሲቆም ተሰልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይከፍላል። ልዩነቱ ወያላው ፊት ለፊት መቆሙ ነው፤ የሚያዝ ኮሌታ አለው። የጫማው ጉዳይ ግን ሦስት በር ነው። ሻጩን ብትጠይቅ "ቀረጥ የአገርህ ጉዳይ ነው" ይልሃል። አድራሹን ብትጠይቅ "እኛ የታዘዝነውን ነው የምናስከፍለው" ይልሃል። ጉምሩኩን ብትጠይቅ "እኛ ምን አገባን፣ ሻጩ ይንገርህ" ይልሃል። ሁሉም ቁጥሩን ወይ ያውቀዋል ወይ ሊያውቀው ይችላል፤ የመናገሩ ተራ ግን ሁልጊዜ የሌላው ነው። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ቢያደርገው ማጭበርበር የሚባለውን ሦስት መሥሪያ ቤት ሲካፈለው አሠራር ይሆናል።

በዚህ ረገድ ዓለምን የምንመራው እኛ ብቻ አይደለንምና አንኩራ። ስዊድን የሚኖሩ ወገኖቻችን የካቲት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውሳሉ። ፖስታ ቤታቸው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በፖስታ ለሚገባ ትንሽ ጥቅል ሁሉ 75 ክሮኖር የአስተዳደር ክፍያ ጀመረ፤ ቫቱ 25 በመቶ ነው። የ10 ክሮኖር የስልክ ሽፋን ያዘዘ ሰው ቫቱ 2 ክሮኖር ተኩል ሆነበት፤ ሁለት ክሮኖር ተኩሉን ለተቀበሉበት ድካም ደግሞ 75 ክሮኖር። ብዙው ሰው ሽፋኑን ለፖስታ ቤቱ መርቆለት ሄደ።

አሜሪካ ያሉትም ተራቸው ደርሷል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ሽሮ ሜዳ ያለች ባለሱቅ የሀበሻ ቀሚሱን በቲክቶክ ታሳያለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እኅት ትመርጣለች፤ ቀሚሱ ለሠርጉ ይደርሳል። ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ይህ ነፃነት ለሁሉም አገር ቀረ። በርካታ አገሮች ፖስታ ቤቶች ቀረጡን ማን፣ እንዴት እንደሚሰበስበው ስላልገባቸው ወደ አሜሪካ ጥቅል መላክ እስከ ማቆም ደረሱ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በፖስታ ለሚሄድ ጥቅል ከተፈቀዱት የቀረጥ መንገዶች አንዱ፣ እንደ አገሩ የታሪፍ መጠን ከ80 እስከ 200 ዶላር የሚደርስ ቁርጥ ክፍያ ነበር። 30 ዶላር የምታወጣ ነጠላ በዚህ መንገድ ብትሄድ 80 ዶላር ይጠየቅባት ነበር። ለበርካታ ዓመታት "የአገሬን ባህል ልልበስ" ሲል የኖረ ሰው፣ ባህሉ ከነጠላው እንደሚወደድ ያወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

የእኛ የቴሌግራም ነጋዴዎች ደግሞ ዋጋን የመደበቁ ፍልስፍና ከማንም ቀድሞ ገብቷቸዋል። ዕቃው በስድስት ፎቶ ይለጠፋል፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ሴትዮዋ ለብሳው፣ ሴትዮዋ አውልቃው። ሥሩ ላይ "ዋጋ በውስጥ መስመር" ይላል። ዋጋ በአደባባይ የማይነገር የቤተሰብ ምሥጢር ሆኗል። በውስጥ መስመር ሲጠየቁ ግማሹን ይነግሩሃል፤ "ቀብድ ላክ፤ ቀረጡ ሲወጣ የቀረውን እናሳውቅሃለን" ይሉሃል። ቀረጡ "ሲወጣ" ስንት እንደ ወጣ ዲክላራሲዮኑን አይተህ አታረጋግጥም፤ ያሉህን ትከፍላለህ። ይኸውላችሁ የድንገተኛ ቀረጥ ትልቁ በረከት፤ እውነተኛው ቁጥር በማይታወቅበት ቦታ ማንም የፈለገውን ቁጥር መናገር ይችላል። መንግሥት አንድ ብር ሲሰበስብ፣ በመንግሥት ስም ሌላ አንድ ብር የሚሰበስብ ሰው መሐል ላይ ይበቅላል።

ሁሉም አገር ግን እንዲህ የረቀቀ አይደለም። አውስትራሊያውያን ደረቅ ሰዎች ናቸው። ከሰኔ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እስከ 1,000 የአውስትራሊያ ዶላር በሚያወጣ ዕቃ ላይ ታክሱን ትልልቆቹ የባሕር ማዶ ሻጮች ራሳቸው ሲሸጡ እንዲሰበስቡ አስገደዱ። ገዢው ዋጋውን ያያል፤ ይከፍላል፤ ዕቃው ይመጣል፤ አለቀ። ምን ዓይነት ሕይወት ነው ይሄ? ልብ የሚባል ነገር አይመታም። የአውሮፓ ኅብረትም እስከ 22 ዩሮ የነበረውን የቫት ነፃነት ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያነሣ፣ እስከ 150 ዩሮ ለሚያወጣ ዕቃ ሻጩ ቫቱን ሲሸጥ ተቀብሎ የሚያስገባበት መንገድ ከፈተ። የሚገርመው፣ የማንንም አገር ታክስ ማስላት የማይችል የነበረው ያ ምስኪን ሻጭ፣ ሕግ ሲያስገድደው በአንድ ሌሊት ሒሳብ ዐወቀ። ለሲድኒ የሚያሰላው ኮምፒውተር ለአዲስ አበባ ሲሆን ለምን እንደሚደነዝዝ የሚነግረን የለም። ድሮ በ1776 እ.ኤ.አ. አዳም ስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ግብር መጠኑ፣ ጊዜውና አከፋፈሉ ለከፋዩ አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት ብሎ ጽፎ ነበር። ሰውየው "ዕቃዎ ደርሷል" የሚል መልእክት ደርሶት ስለማያውቅ አንፈርድበትም።

ሽሙጡን ለአፍታ ላቁም። ግብር ይቅር ያለ የለም። መንገድና ሆስፒታል በግብር ነው የሚሠራው፤ የመርካቶ ጫማ ሰፊም ከጓንግዡ ፋብሪካ ጋር እኩል እንዲወዳደር ቀረጡ ይጠቅመው ይሆናል። ክርክሩ ስለ 35 በመቶው አይደለም። 10,246 ብር የሚያወጣን ጫማ 4,000 ብር ነው ብሎ ማሳየት፣ ቀሪውን ገዢው ማፈግፈግ ከማይችልበት ቦታ ካደረሱት በኋላ መናገር፣ ምርጫውን መንጠቅ ነው። 10,246 ብር መሆኑን ቢያውቅ ምናልባት ሳያዝዝ ይቀር ነበር፤ ምናልባት እዚሁ ከሰፈሩ ይገዛ ነበር። የአገር ውስጥ ጫማ ሰፊውን ይጠብቃል የተባለው ቀረጥ እንኳ ሥራውን የሚሠራው ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሲያውቀው ብቻ ነው። ከገዛ በኋላ የተነገረው ቀረጥ ማንንም አይጠብቅም፤ የተያዘን ሰው ያልባል እንጂ።

ይህን የሚቃወም ካለ ግን አሠራሩን ፍትሐዊ ለማድረግ አንዲት ሐሳብ አለችኝ። ድንገተኛው ዋጋ በሁለቱም ወገን ይሁን። ገዢው "ግዛ" የሚለውን ይጫን፤ ዕቃው ይላክ፤ ቤቱ ድረስ ይግባ። ስንት እንደሚከፍል ግን ጫማውን ካጠለቀ በኋላ ያሳውቅ። ለሻጩ "ከ4,000ው ላይ የመጠበቂያ፣ ካርታ የመከታተያና የድንጋጤ 10 በመቶ ተቀንሷል" ብሎ ይጻፍለት። አድራሹ የአገልግሎት ዋጋውን የሚሰማው ዕቃውን አስረክቦ ከበሩ ሲመለስ ይሁን። ጉምሩኩም የዓመቱ ገቢው ስንት እንደ ሆነ በጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይነገረው። ያን ምሽት ሦስቱም፣ ስልክ ቁጥራቸውን የማይተዋወቁት ሦስቱም፣ ተጠራርተው አንድ ጠረጴዛ ከበው ያድራሉ፤ ጎሕ ሲቀድም "ግዛ" ከሚለው ቃል በላይ፣ በትልቁ፣ ጠቅላላ ድምሩ እስከ ሳንቲሙ ተጽፎ ይገኛል።